የወንድሜ ነው

እናትዓለም ከላቦራቶሪው መስኮት ጀርባ ስድስት ዓመት ስትቀመጥ፣ ወንድ አይታ እስክሪብቶ ወድቆባት አያውቅም። የዚያን ማክሰኞ ግን ወደቀባት።

ሰውየው ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ትንሽ ብልቃጥ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። እነ እናትዓለም ሆስፒታል ከሕመምተኛ የተቆረጠች ሥጋ እንዲህ በብልቃጥ ሆና፣ በቤተሰብ እጅ ነው ላቦራቶሪ የምትደርሰው። እናትዓለም ትቀበላለች፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ ትቆርጣለች፣ ቀለም ትቀባለች። አይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

«የማን ነው?» አለች እስክሪብቶዋን ጎንበስ ብላ እያነሳች።

ሰውየው ምራቁን ዋጠ። ሲውጥ ፊቱ ጭፍግግ አለ።

«የ... የወንድሜ ነው።»

ወረቀቱ «ወልደ ገብርኤል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከቶንሲል የተወሰደ» ይላል።

«እግዚአብሔር ይማረው። ያንተን ስም ማን ልበል?»

«ቃለ ሕይወት።»

የአምጪው ስም ለመዝገቡ አያስፈልግም። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ግን ጠየቀች!

ከዚያ ወዲያ ቃለ ሕይወት የወንድሙን ውጤት ልጠይቅ እያለ በሁለት ቀን አንዴ ብቅ ማለት ጀመረ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፔዳ ሰፈር ሻይ ጠጡ። በሳምንቱ ጣና ዳር ጎን ለጎን ሄዱ። የመሪጌታ ሀዲስ ልጅ ነው፤ አባቱ ካረፉ በኋላ ዘንዘልማ ከእናቱ ጋር እየኖረ ለዲያቆናት ዜማ ያስተምራል።

«እስኪ ትንሽ አዚምልኝ» ስትለው፣

«ጉንፋን ይዞኛል» ይላል፣ ነጠላውን አንገቱ ላይ እያጠበቀ።

በዚያ ሙቀት ነጠላ አንገት ላይ! እሷ ደግሞ በቀን ስንት ዕጢ የምትቆርጥ ባለሙያ ናት። ምን ዋጋ አለው፣ ዐይኗ ከዐይኑ አልወርድ ብሎ አንገቱን ማን ይይ!

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ድንገት ዞሮ አያት።

«እናትዓለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለወንድሜ የምነግረው እኔ ነኝ።»

እናትዓለም ልቧ ፈራ። ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ እንጂ እሷ አይደለችም። ግን እኛ አገር ክፉ ነገር ለሕመምተኛው ይደበቃል እንጂ ለቤተሰቡ ይነገራል። ቃለ ሕይወት ደግሞ ቤተሰብ ነው። የምትወደውን ሰው ልታታልለው አልቻለችም።

«ካንሰር ነው፣ ቃሌ። ሴሎቹ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚባዙ የሚናገር አንድ ፕሮቲን አለ። እሱ ያለበት ቦታ ቀለሙ ሲነካው ቡናማ ይሆናል። የወንድምህ... ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው።»

«ይሞታል ማለት ነው?»

«እኔ ምን ልበልህ... ራስህን አዘጋጅ።»

ቃለ ሕይወት ዐይኑን ወደ ውኃው መለሰ። እጁን ያዘች፤ በረዶ ሆኗል። ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣውና «አመሰግናለሁ» ብሏት ሄደ። ወደ ኋላው እንኳ አልዞረም።

በማግስቱ ስልኩ ዝግ ነው። በሳልስቱም ዝግ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ!

«ሚስት ቢኖረው ነው» ብላ አለቀሰች። «ወይ ክፉ ወሬ ስለነገርሁት ጠልቶኝ ነው» ብላም አለቀሰች። ግን ከሁሉም በላይ ምክንያቱን የማታውቀው ፍርሃት እህል አላስቀምስ አላት።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ዶክተር ፍሬ ስብሐት፣ የላቦራቶሪው ሐኪም፣ ጠሯት። ለወልደ ገብርኤል አንድ ሌላ የፕሮቲን ምርመራ አዘው፣ ቀለሙ ከአዲስ አበባ ዘግይቶ ነበር የመጣው።

«ነይ እስኪ እይው» አሏት።

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ቡናማ። አሁንም ከዳር እስከ ዳር ቡናማ!

«ይኼም?» አለች ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ።

«ምን ሆንሽ? ይኼኛውማ ቡናማ ሲሆን እልል በይ እንጂ! ፒ-አሥራ ስድስት ነው። ይህ ፕሮቲን ያለበት የቶንሲል ካንሰር ለጨረርና ለመድኃኒት እጁን ይሰጣል። እንዲህ ያለ ውጤት ካላቸው አብዛኞቹ ይድናሉ።»

«ያኛውስ? መባዛቱን የሚናገረው?»

«እሱ ብቻውን ምን ያወራል? ለመሆኑ ማነው ሞት የፈረደበት?»

እናትዓለም እንደገና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች።

«ፕሮቲን ጠንቋይ አይደለም፣ ልጄ። የብዙ ሰው ነገር ይነግርሻል እንጂ ለአንዱ ሰው አይምልልሽም። ይልቅ ልጁ በቀጠሮው አልመጣም። ሕክምናውን ካልጀመረ ይኼ ሁሉ ከንቱ ነው።»

አልመጣም! «ራስህን አዘጋጅ» ያለችው አፍ የማን ነው? ያቺ አንዲት ቃሏ ሰው ልትገድል ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም። ሲነጋጋ የሥራ ባልደረባዋን ግሩምን ቀስቅሳ፣ በባጃጅ ዘንዘልማ፣ የመሪጌታ ሀዲስን ቤት ፍለጋ በረሩ።

ጉድ የመጣው እዚያ ነው። ጎጃም ውስጥ ማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ሁለት ሆኖ በር የሚያንኳኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። የቃለ ሕይወት እናት እማማ አገርነሽ በሩን ከፍተው ሁለቱን ሲያዩ፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ወረወሩት።

«ወይኔ! ማንን ልታረዱኝ መጣችሁ? ማን ሞተብኝ?»

ጎረቤት ግር ብሎ ወጣ።

«ኧረ እማማ፣ መርዶ አይደለም! የምሥራች ነው!» እናትዓለም ክንዳቸውን ያዘች። «የቃለ ሕይወት ወንድም ይድናል ልል ነው የመጣሁት!»

እማማ ለቅሷቸውን ገቱ።

«የማን ወንድም?»

«የቃለ ሕይወት። ወልደ ገብርኤል።»

«ልጄ፣ እኔ የወለድሁት አንድ ነው። ወልደ ገብርኤል የእሱ የራሱ የክርስትና ስም ነው።»

እናትዓለም የእማማን ክንድ ለቃ የግሩምን ያዘች።

ያኔ ቃለ ሕይወት ከውስጥ ወጣ። ትከሻው ላይ ሻንጣ አንግቷል። አንገቱ ባዶ ነው። ከመንጋጋው ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«በጀልባ ወደ ገዳም። ጸበል እየጠጣሁ እዚያው...» አልጨረሰውም።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ሐኪሙ ስሜን ሲጠይቀኝ፣ ለታመመ የሚጸለየው በክርስትና ስሙ ነው ብዬ እሱን ሰጠሁት። ወደ አንቺ ስመጣ ደግሞ... ቀና ብለሽ አየሽኝ። በሽተኛ ነው ብለሽ እንድታዪኝ አልፈለግሁም።»

«እኔ እኮ ፊትህ ላይ ሞት ፈረድሁብህ! አንተ ሰው ሆይ፣ ምን አስደረግኸኝ!»

ደረቱን በጡጫዋ መታችው፤ መልሳ እዚያው ደረቱ ላይ አለቀሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ ነው፤ ማን ግድ ሰጥቷት!

«ፈራሁ» አለ በጆሮዋ።

«እኔም ፈርቻለሁ። አሁንም እፈራለሁ። ግን አብረን እንፍራ።»

እማማ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። ተነሡና ሻንጣውን ከልጃቸው ትከሻ አወረዱ።

«ጀልባው ይሂድ» አሉ። «ጸበሉን እኔ ተሻግሬ አመጣልሃለሁ። አንተ ከዚህች ልጅ ጋር ሐኪም ቤት ሂድ።»

ጨረሩ አዲስ አበባ ሰባት ሳምንት ፈጀ። አፉ ደረቀ፣ ጉሮሮው ቆሰለ፣ ውኃ እንኳ እንደ እሾህ ወጋው። እናትዓለም ፈቃድ ወስዳ አጥሚት በማንኪያ አጎረሰችው። አንዳንድ ቀን «ተዪኝ» ይላታል፤ «አልተውህም፣ ዋጥ!» ትለዋለች።

ከወራት በኋላ እብጠቱ ከነበረበት ቦታ አንድ ጠጣር ነገር ቀረ። ናሙና ተወሰደ። ቃለ ሕይወት ብልቃጡን ይዞ ያቺ መስኮት ላይ ቆመ።

«የማን ነው?» አለች፤ ደንቡ ነውና።

«የእኔ ነው።»

መቁረጫው ጋ ስትደርስ እጇ አልታዘዝ ስላላት ግሩም ቆረጠላት። ሦስት ቀን ሁለቱም እህል አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ዶክተር ፍሬ ስብሐት ራሳቸው ወደ መስኮቷ መጡ።

«ጠባሳ ነው» አሉ። «አንዲት የካንሰር ሴል የለችበትም።»

ከጥምቀት በኋላ በተክሊል ተጋቡ። የቃለ ሕይወት ድምፅ ሻክሯል፤ እንደ ድሮው ከፍ ብሎ አያዜምም። ቄሱ አክሊሉን አንሥተው «ወልደ ገብርኤል» ብለው ሲጣሩ፣ እናትዓለም ያ ወረቀት፣ ያ ብልቃጥ፣ ያ ቡናማ ቀለም ባንዴ ፊቷ ድቅን አለባትና እጇ ቀዘቀዘ። ቃለ ሕይወት አጥብቆ ያዛት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«አትደንግጪ» አላት በሻካራ ድምፁ፤ «ወንድሜን ነው የሚጠሩት።»

ሙሽራዋ ቅዱስ ቦታ መሆኑን ረስታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከት ብላ ሳቀች።