በካልሲ የሚወረድ ደረጃ

ፕዮ ሳንግጊል በማስጠኛ ቤቱ የኋላ ደረጃ ሥር ሞቶ የተገኘው ጠዋት ነው፤ ያገኘችውም የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሱፉን እንደለበሰ በጎኑ ተጋድሟል፤ ጥቁር ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ የተሰበረ የእጅ ባትሪ አጠገቡ ወድቋል። ለደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ ፖሊስ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰውየው አመሸ፣ ደረጃው ጨለማ ነው፣ አዳለጠው፣ አለቀ።

ኢንስፔክተር ሜንግ ጉዊራን ግን እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይዋጥላትም። አለቆቿ በዚህ ጠባይዋ ተማርረዋል፤ እኔ እንደሆንኩ እንደሷ ያሉ ሁለት ሦስት ቢጨመሩልን ደስ ይለኛል። አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው። የጫማው ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ሁለቴ ተቋጥሯል። የግራ እግሩ አብጦ ማሰሪያው ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ጫማውን አስወልቃ ብታይ፣ የካልሲው መርገጫ በሲሚንቶ አቧራ ግራጫ ሆኗል።

በከተማችን ሕጉ የታወቀ ነው። ማስጠኛ ቤት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ማስተማር አይችልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም በክፍያ ማስጠናት ክልክል ነው። ሕጉ የወጣው ልጆቹ እንዲተኙ ነበር፤ የሚተኛ ግን የለም። ሳንግጊል ከሰዓት በላይ ሲያስተምር ሁለት ጊዜ ተይዟል፤ አንድ ጊዜ ቢደገም ፈቃዱ ይሰረዝ ነበር። ቤቱን ያቋቋመው ከታላቅ እህቱ ከሚሱክ ጋር ነው፤ ሁለቱም ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

ሜንግ ወደ ላይ ስትወጣ ሚሱክ መግቢያው ላይ ጠበቀቻት። ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ግን ፀጉሯን በሥርዓት ያሰረች ሴት ናት። ኢንስፔክተሯ ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማ ስታደርግ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጫማዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አራት ሰዓት ላይ ዘጋን» አለች ሚሱክ። «ወንድሜ ትንሽ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

ሜንግ የመንገዱን መስኮት የሸፈነውን ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ዳሰስ አደረገችና ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ቅርጫት ዞረች። ውስጡ አንድ ስልክ አለ።

«የማን ነው?»

«የወንድሜ። ተማሪዎች እንዳይነካኩት ስልክ ሁሉ እዚያ ይገባል።»

«የዳይሬክተሩም ጭምር? ያውም ብቻውን ቀርቶ?»

ሚሱክ ቅርጫቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

ቀጥሎ የተጠራችው የተማሪው የዩቢን እናት ናት። ልጇ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ደርሶበታል፤ እሷ ራሷ የምትፈተን ይመስል ከስታለች።

«እኔ ምኑንም አላውቅም፣ ኢንስፔክተር።»

«ትናንት ማታ ግን መንገዱ ጥግ መኪና ውስጥ ነበሩ። ባለሱቁ አይቶዎታል።»

«መኪና ማቆምም ተከለከለ እንዴ?»

«ያን ሁሉ ሰዓት?»

«የወላድ አንጀት ነዋ! ልጄ እየተማረ እኔ እቤቴ ተጋድሜ ላምሽ?»

«እየተማረ?» አለች ሜንግ።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ከደነች። ቆይታ ግን የቀረውንም አወጣችው፤ መንገዱን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ የተቆጣጣሪ የሚመስል መኪና ስታይ ትደውላለች፤ ትናንትም ነጭ መኪና አይታ ደውላለች።

ሦስተኛው የሒሳብ መምህሩ ታክ ሴሁን ነው፤ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል።

«እዚህ አላስተምርም» አለ ላብ እያጠመቀው። «ሳንግጊል ወዳጄ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቅ እል ነበር።»

«እሺ መምህር። እስቲ በኋላ ደረጃ ያውርዱኝ።»

ታክ የኋላ በሩ ጋ ሲደርስ ነጠላ ጫማውን አወለቀ፣ ማሰሪያ የሌለውን ቆዳ ጫማውን በእጁ አንጠለጠለና በካልሲው መውረድ ጀመረ። ጥቂት እንደወረደ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው ጫማ ማድረግ ረሱ?» አለችው ሜንግ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«የማን ልማድ?»

መምህሩ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «የሁላችንም። ጎረቤት ኮቴ ከሰማ ይጠቁማል፤ ለጠቆመ ደግሞ ሽልማት አለው። ሳንግጊል ባትሪ ይዞ ቀድሞ ይወርድና በሩን ይከፍትልናል። ታች ስንደርስ ጫማ አድርገን እንበተናለን። እሱ መብራት ሊያጠፋ ይመለሳል፤ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። ትናንት ልጆቹን ይዤ ሮጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም።»

ከሰዓት በኋላ ሜንግ ሦስቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«የገፋው የለም» ብላ ጀመረች። ሦስቱም በረዥሙ ተነፈሱ። «አትቸኩሉ። ካልሲው በአቧራ ተሞልቷል፤ ስለዚህ እንደልማዳችሁ በካልሲ ሲወርድ ነው ያዳለጠው። ጫማ ያደረገለት ሌላ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እንዲሁ የወደቀ እንዲመስል።»

«ከሞተ በኋላ?» አለ ታክ።

«የሞተ ሰው እግር አያብጥም፣ መምህር። ማሰሪያው ሥጋው ውስጥ የሰመጠው እግሩ ከታሰረ በኋላ ስላበጠ ነው። ጫማው ሲደረግለት ሳንግጊል በሕይወት ነበር።»

የዩቢን እናት ፊቷን ሸፈነች። ታክ ሁሉም እሱን የሚያዩት መስሎት ከወንበሩ ተነሳ።

«ይቀመጡ፣ እርስዎ አይደሉም። ሌላው ነገር፣ ስልክ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ከሆነ የዩቢን እናት የደወሉት ለማን ነው? አንድ ስልክ ብቻ አልተቀመጠም ማለት ነው። ደግሞ ሰው ተጎድቶ እያለ እግሩን ዝም ብሎ የሚሰጠው ለሚያምነው ነው። ያ ቋጠሮ ደግሞ ለትንሽ ልጅ የሚታሰር ዓይነት ነው። መደርደሪያው ላይ በዚያው ቋጠሮ የታሰረ አንድ ጫማ ብቻ አየሁ፤ የእርስዎ ነው፣ ወይዘሪት ሚሱክ።»

ሚሱክ አልካደችም።

«ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መብራት አጥፍተን ስንወርድ ከኋላው ነበርኩ። ሲወድቅ ሰማሁት። 'እትዬ፣ ጫማዬን አድርጊልኝ' አለኝ። 'ቁርጭምጭሚቴን ነው፤ በካልሲ ካገኙኝ አለቀልን፤ አምቡላንስ ከመጣም ተቆጣጣሪዎቹ ተከትለው ይገባሉ። አንቺ ሂጂ፣ መኪናው ሲሄድ መጥተሽ ትወስጂኛለሽ።' ልጅ ሆኖ እንደማስርለት አሰርኩለት፤ ሳቀብኝ። እቤት ሆኜ ለዩቢን እናት ደጋግሜ ደወልኩ። አልሄደም አለችኝ።»

«አልሄደማ!» አለች እናትየው። «ልጄን ቤት አድርሼ ተመልሼ አየሁት እኮ፤ ምን ልበላት ታዲያ?»

«የተቆጣጣሪ መኪና አልነበረም» አለች ሜንግ ቀስ ብላ። «ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ መኪናው ውስጥ ያደረ ሰው ነው። አግኝቼ ጠይቄዋለሁ።»

መምህር ታክ ጉልበቱን ጨብጦ ወለሉን ያያል።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለች ሚሱክ። «ለአምቡላንስ ብደውል ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሜንግ ብዙ ሰው መርምራለች፤ እንዲህ ውሸት ያማራት ጊዜ ግን አልነበረም። ደሙ ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ቀስ በቀስ፣ እስከ ንጋት ድረስ ነው።

«ይተርፍ ነበር» አለች።

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ አትደውዪ ያላት እኮ ራሱ ነው!» አለ ታክ።

ሚሱክ ቀና ብላ አየችው።

«እሱማ ታናሽ ነው» አለች። «ታላቋ እኔ ነኝ።»