ረጅሙ የጭስ ማውጫ

ሄስተር ፔሎው የሞተችው ርስቱ ያለበሳትን ቀይ ካባ እንደደረበች፣ በሯ ሥር ተደፍታ ነው። ዕለቱ የእንግዳ ቀን ነበር። በእንግዳ ቀን የኤልምስኮት ጭሰኞች፣ ሐምሌም ቢሆን፣ ለመንደሩ ውበት ሲባል እሳት ያነድዳሉ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል ካባ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ። ከደወሉ በፊት መውጣት ክልክል ነው። ሄስተር ደወሉ ተደውሎም አልወጣችም።

ኢንስፔክተር ፌን በማግስቱ ሲደርስ ሐኪሙ ጭስ እንደገደላት አረጋግጦ ነበር። የእህቷ ልጅ፣ ጣሪያ በሣር ከዳኙ ጄቤዝ፣ በረት ውስጥ ታስሯል።

«ማውጫውን የደፈነው እሱ ነው» አለ የርስቱ አስተዳዳሪ ትሬስክ። «ቤቱን ስጡኝ እያለ ሲለማመጠኝ ከርሟል። ደወሉ ተደውሎ ሬሳውን እንዳየሁ ቆለፍኩበት፤ የሚሠራበትን መሰላልም መጋዘን አስገብቼ ቆለፍኩ። አንገቱን አይተውታል? ለገመድ የተፈጠረ ነው።»

ፌን ወደ በረቱ ገባ። ጄቤዝ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ገደልካት?»

«ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ጌታዬ።»

«ከቤቷ ሁለት የጭስ ማውጫዎች የሚሠራው የትኛው ነው?»

«አጭሩ። ረጅሙ ለጌጥ ነው፤ ከሥሩ ምድጃ የለም። መስኮቶቹም ለጌጥ ናቸው፤ አይከፈቱም።»

ፌን መሰላሉን አስወጥቶ ጣሪያው ላይ ወጣ። በአጭሩ ማውጫ አፍ፣ ጥላሸቱ ላይ፣ የጠፍጣፋ ድንጋይ ፈለግ አገኘ። ድንጋዩ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ጄቤዝንም ከበረት አስወጥቶ ሁሉንም በሄስተር ጠባብ ክፍል ሰበሰበ። ሌዲ አራቤላ፣ የርስቱ ባለቤት፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ቆማለች። ፌን ከሳሎኗ ያስመጣውን፣ የሄስተርን ቤት የሚያሳይ የውሃ ቀለም ሥዕል ዘረጋ።

«የሳሉት እርስዎ ነዎት፣ እመቤቴ?»

«እንግዶቼ ሁሉ አድንቀውታል።»

«ሬሳው እዚህ ተጋድሞ ሳለ?»

«ታዲያ ግብዣዬን ልበትን?»

«ከሥር የትናንቱን ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ብለው ጽፈዋል። ጭሱ የሚወጣው ከረጅሙ ነው። ምድጃ የሌለው ማውጫ የሚጨሰው አጭሩ ተከድኖ፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ በጣሪያው ሥር ወደ እሱ ሲሾልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንጋዩ ገና እላይ ነበር። ዛሬ የለም። ጄቤዝ ከትናንት ስድስት ሰዓት ጀምሮ በረት ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። መሰላሉ ደግሞ በእርስዎ ቁልፍ ሥር፣ ሚስተር ትሬስክ። ሬሳውን አይተው እሳቱን ለምን አላጠፉም?»

ትሬስክ ወደ እመቤቱ ዞረ።

«እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ! ጭሱ ከረጅሙ ይውጣ፣ እሱ ነው የሚያምረው አሉ።»

«ሄስተር ስታስል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። በሩን ስትገፋ ከውጭ ያዝኩት። እንግዶቹ አጥሩ ጋ ነበሩ፤ ለደወሉ አስር ደቂቃ ብቻ ነበር የቀረው!»

ሌዲ አራቤላ መሐረቧን አጠፈች። «እኔ ትሙት አላልኩም።»

ትሬስክ በካቴና ተወሰደ። ፌን ሥዕሉን ለማስረጃ ሲጠቀልል «ቀስ ይበሉ፤ ቀለሙ እንዳይላቀቅ» አለችው። ከዚያ ጄቤዝን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ቤቱን ፈልገህ አልነበር? ውሰደው። ቅዳሜ እንግዳ አለኝ፤ ካባዋ ይታጠብና ይሰጥሃል።»

ጄቤዝ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጭሱ በየትኛው ይውጣ፣ እመቤቴ?»