ያላበው ሞተር

ሉዎ ቻንግኸ የሞተው በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ፣ በግራ ጎኑ ተጋድሞ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቱ አጠገቡ ወድቋል፤ ባትሪው ባዶ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ስለነበር ሰው ሁሉ «ሞተሩ ቆመበትና ደርቆ ቀረ» ብሎ ፈረደ።

መርማሪ ታዎ ጂንፌንግ የደረሰችው የራሷን ሞተር እየገፋች ነው። ከጣቢያ ሲነሳ ሙሉ የነበረው ባትሪ ድልድዩ ጋ ቀጥ አለ። ቅንድቧ በአመዳይ ነጥቷል፤ ጣቶቿ በድን ሆነዋል።

«እትዬ፣ ምን ያደክምሻል?» አለ አስከሬኑን ያገኘው ሜንግ ቲዬ፣ እንደ ሟቹ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ የሥራ ባልደረባው። «ብርድ ነው የገደለው። እኔም ዛሬ ሁለቴ ገፍቻለሁ።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ማን ለየትኛው ሰፈር ዕቃ ያደርሳል ብለን። እሱም ጠብ ሆኖ?»

ታዎ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አለች። የሉዎ ቅንድብ ጥቁር ነው። የሞተሩን ብረት ስስ በረዶ ለብጦታል፤ ከሰማይ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልወረደም። ነገሩ አልገጥም ብሏት ተበሳጨች።

የሉዎ ሚስት ቹ ሺዩሜይ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ፊቷን ይዛ ታለቅሳለች። «ባትሪውን ቤት ውስጥ አትሞላም አልኩት። ባለፈው ወር የጎረቤቶቻችን ባትሪ ፈንድቶ ልጃቸው ተቃጠለ። ተናዶ ወጣ። እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«ሌላ ጊዜ የት ይሞላል?»

«ሻን ጋ። አብሮ አደጉ ነው።»

መካኒኩ ሻን ባውኩ ምድጃውን አንድዶ ሻይ ቀዳላት። «ዛሬ ዓይኑንም አላየሁት፣ እትዬ።»

ታዎ እያጉረመረመች ሞተሯን ወደ ጋራዡ አስገባች። ጥቂት ቆይቶ ከሞተሯ መስታወት ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ፈዛ አየችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ሜንግንና ሺዩሜይን አስጠራች።

«ሞተሬ ላበ» አለች ሁሉም ሲሰበሰቡ። «ከውርጭ ወደ ሙቀት ስለገባ። አሁን ባወጣው ላቡ በረዶ ይሆናል። የሉዎም ሞተር እንደዚያ ነበር። ሺዩሜይ ያለችው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሜንግ ሞተሩን ደጅ ነው የሚያቆመው። ምድጃ ካለበት ቤት ሞተር የሚያስገባ ሻን ብቻ ነው።»

«እሺ፣ መጥቶ ነበር! ነድቶ ሄደ!»

«በዚህ ብርድ የነዳ ሰው ቅንድቡ ይነጣል። ሜንግ የኔን አይቷል። የሉዎ ጥቁር ነበር። ጭነህ ነው የወሰድከው።»

ከምድጃው ጀርባ ያለውን ሸራ ገለጠች። ካበጡት አሮጌ ባትሪዎች ግማሾቹ አዲስ ሽፋን ለብሰዋል።

«የጎረቤቶቹን ልጅ የፈጀው አዲስ እያስመሰልክ ከምትሸጣቸው ከነዚህ አንዱ ነው። ሉዎ አየብህ።»

ሻን ሸራውን መልሶ ሊያለብሰው እጁን ዘረጋና ተወው። «ለፖሊስ እናገራለሁ አለኝ። ዝም በል ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ገፋሁት፣ ራሱን ብረት መታው። ሞተ! ምን ላድርግ?»

«አልሞተም ነበር» አለች ታዎ። «ኮሌታው ላይ የትንፋሽ አመዳይ አለ፤ በግራ በኩል ብቻ፣ በተጋደመበት በኩል። በረዶው ላይ ተኝቶ ተንፍሷል።»

ሻን ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ሜንግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ብዙ ቆየ?» አለች ሺዩሜይ በቀጭን ድምፅ።

«አልቆየም» አለች ታዎ።

የአመዳዩን ውፍረት ግን በጣቷ ለክታው ነበር፤ ስስ አልነበረም።