ሰባ ስምንት በመቶ

«ይህ ባና የየት ሱፍ ነው?»

«የጓሳ በግ ነው። ለሙሽራ ነው ለብርድ?»

«ለእናቴ።»

ሴትዮዋ ባናውን፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ዘረጋችለት። ወንድምአገኝ ሱፉን እየዳበሰ ጠርዙ ላይ ደረሰ። ወረቀቱ እዚያ ተሰፍቷል። በጥፍሩ ክሩን በጥሶ ወደ እጅጌው አስገባው።

ጥር 2001። የመሐል ሜዳ ገበያ በሰውና በበግ ተሞልቷል። ማንም አላያቸውም።

በስለላ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ስሙ «ሰርዶ» ነው። እዚህ አገር ግን የሚያውቁት የካርታ ፎቶ የምታነሳው ትንሿ አውሮፕላን መካኒክ ሆኖ ነው። ሴትዮዋ ጌታነሽ፣ ባና ነጋዴ፣ በመዝገቡ «እንዝርት» ናት። የአለቃቸውን ትእዛዝ የምታደርሰው እሷ ናት። አለቃቸውን ሁለቱም «አጋፋሪ» እያሉ ይጠሩታል።

ወረቀቱን ከበጎች በረት ጀርባ አነበበው።

ካፒቴኑ ነገ ጧት ይበር። የካሜራው ካርድ አብሮት ይሁን። አንተም ተሳፈር። የአውሮፕላኗን መለኪያ ሰሌዳ አትንካ።

ተመልሶ ባናውን እንደ መግዛት አደረገ።

«መልስ የለህም?» አለችው።

«የለኝም።»

ባናውን ስትጠቀልል ቀና አላለችም። «ይህን ከእኔ አልሰማህም። ባለፈው ሳምንት አጋፋሪ ራሱ መጥቶ ነበር። አንተ ወደ ዘመሮ ቤንዚን ልታመጣ የሄድክ ዕለት። ወደ አውሮፕላኑ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ሲነካካ አይቻለሁ።»

«ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ወረቀቱ አብረህ ትሳፈራለህ ስለሚል ነዋ።»

ደንብ ጥሳለች። እሱም ሰምቷል። ባናውን በትከሻው ጣል አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። አውሮፕላኗ የቆመችው በጓሳ ጫፍ፣ ሽማግሌዎቹ በፈቀዱት ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳው ጫፍ በኋላ ገደል ነው።

ካፒቴን ይሥሐቅ እጁን በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል። በጥርጣሬ የሚሰለለው ሰው እሱ ነው። አጋፋሪ እንዳለው ከሆነ የጦር ሰፈር ፎቶ ለባዕድ ይሸጣል።

«ይህ ሰሌዳ ይዋሻል» አለ ካፒቴኑ። «ሰባ ስምንት በመቶ ኃይል ይለኛል። በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ስስ አየር? ትናንት ባዶዋን እንኳ ሽቅብ ስትወጣ እያቃሰተች ነበር።»

«ልየው ካፒቴን።»

አትንካ ተብሏል። መክደኛውን ከፈተ።

ሞተሩ ጠፍቷል። በጠፋ ሞተር ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ውጭ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከኪሱ ትንሽ መለኪያ አወጣ። ሃያ። ሰሌዳውን አበራ።

ሃያ አምስት።

ግፊቱን የሚያደርሰውን የጎማ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰ። አልተሰነጠቀም። ሽቦውን ነቅሎ አየ። ዝገት የለውም። ከአውሮፕላኗ አካል ጋር የሚያያዝበት ብሎንም ጠብቋል። የሞተሩን የግፊት መለኪያ በአዲስ ቀየረው።

አሁንም ሃያ አምስት።

የቀረው የሰሌዳው ማስተካከያ ገጽ ነው። ቁልፎቹን ተጭኖ ገባ። ዜሮ መሆን ያለበት ቦታ ላይ አምስት ተጽፏል። ይህ በብልሽት አይመጣም። ሰው ነው የጻፈው።

አምስቷ ግፊቱን ከፍ ታደርጋለች። ሰሌዳው ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ኃይሉን ያሰላል። ካፒቴኑ በሰሌዳው አምኖ ሁለት ሰው፣ ካሜራና ሙሉ ነዳጅ ቢጭን፣ ገደሉ ላይ ወደ ታች የሚስበው ነፋስ ይጠብቀዋል።

እሱም ሁለተኛው ሰው ነው።

ፍርሃት አልመጣም።   ምንም አልተሰማውም።

ቁጥሩን ዜሮ አደረገው። «ያስነሱት» አለ።

ሞተሩ ጮኸ። ካፒቴኑ እስከ መጨረሻው ሰጠው።

ስልሳ አንድ በመቶ።

«ይሄ ነው እውነቱ» አለ ካፒቴኑ አጥፍቶ። «ማን ነው የነካው?»

«ካርዱን ለማን ሊሰጡ ነበር?»

ካፒቴኑ ወደ እሱ ዞረ። «አንተ መካኒክ ብቻ አይደለህም።»

«ለማን?»

«ለአንድ ሰው አለቆች። ከካርታው ሥራ ውጭ የጦር ሰፈር እንዳነሳ ያዘዘኝ ሰው አለ። ትእዛዙን በፊርማው ነው የሰጠኝ። ፊርማውንም ፎቶ አንስቼ ካርዱ ላይ አኑሬዋለሁ። ፎቶዎቹ ለማን እንደተሸጡ ዘግይቼ ነው የሰማሁት።»

ፊርማውን በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አሳየው። የአጋፋሪ ነው፤ ወንድምአገኝ ስምንት ዓመት የታዘዘለት ፊርማ።

ከዘመሮ በኩል ከሩቅ አቧራ ተነሳ። ላንድክሩዘር።

«በስልሳ አንድ ሁለት ሰው ታነሳለች?»

«አታነሳም።»

«እንግዲያው ብቻዎን ይሂዱ።»

ካፒቴኑ ካርዱን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ካሜራውንና ዕቃውን አወረዱ። የነዳጁንም ግማሽ ቀድተው ደፉ። አውሮፕላኗ ሜዳውን ልትጨርስ ስትሮጥ መኪናው ደረሰ። አጋፋሪ ወረደ። ካፖርቱ አዲስ ነው።

«ለምን አልተሳፈርክም?»

«ጥሎኝ ሄደ።»

አውሮፕላኗ ከገደሉ ጫፍ ወደ ታች ወረደች። ጠፋች።

አጋፋሪ ሰዓቱን አየ። ጠበቀ።

ከዚያ በሩቁ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ቀላል ሆና ወጣች። ወደ ደቡብ ዞረች።

ሽጉጡ መቼ እንደወጣ ወንድምአገኝ አላየም።

«ሰሌዳው ተስተካክሏል» አለ አጋፋሪ። «ስነካው ያየችው አንዲት ሴት ናት። ለካፒቴኑ የነገረችው እሷ ናት ወይስ አንተ ነህ ያስተካከልከው?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ ቢል እሷ ትተርፋለች። እሱ እዚያው ሣሩ ላይ ይቀራል፤ አጋፋሪም አውሮፕላኗ ሳታርፍ ደውሎ ካፒቴኑን የሚቀበል ሰው ያዘጋጃል። ካርዱ ይጠፋል። ዝም ካለ ግን አጋፋሪ መጀመሪያ እሷን ሲያስጠይቅ ጊዜው ያልፋል። ሌላም ምክንያት ነበረው። መሞት አልፈለገም።

ዝም አለ።

አጋፋሪ ዝምታውን በመሰለው ተረጎመው። ሬዲዮውን ከመኪናው አወጣ። «እንዝርትን ያዟት። ለካፒቴኑ ሌላ ምን እንደነገረችው ጠይቋት። ከዚያ ጨርሱ።»

መሐል ሜዳ ሩቅ ነው፤ ደርሶ ሊያስጠነቅቃት አይችልም። በፈረስ የግማሽ ቀን መንገድ። ወንድምአገኝ የመኪናውን ጎማ እያየ ቆመ።

አጋፋሪ መልሱን ሲጠብቅ ሁለት ሰዓት አለፈ። መልሱ ሲመጣ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። «ዝም ብላለች።»

አጋፋሪን ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወርድ የአለቆቹ ሰዎች ያዙት። ካፒቴኑ በሰላም አርፎ ካርዱን ለሚገባው ሰው አስረክቧል። ለሰርዶ አዲስ መታወቂያና የሦስት ቀን ፈቃድ ደረሰው። ደህና ሠርተሃል የሚል ወረቀትም አብሮ ነበር።

ጌታነሽ የተቀበረችው በሁለተኛው ቀን ነው። ከወንዝ ዳር ሞታ አግኝተዋት ከገደል ወደቀች ተባለ። እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ፍትሐቱን ሰማ። ሰው ሲወጣ ሊሸሽ ቢልም አንድ ሽማግሌ ደረሱበት። ንፍሮ በእጁ አደረጉለት።

«የሟች ዘመድ ነህ ልጄ?»

«አይደለሁም አባቴ።»

«ታውቃት ነበር?»

«ከእሷ ባና ገዝቼ ነበር።»

«አብረኸን ስላዘንክ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስምህ ማን ነው?»

አዲሱ መታወቂያው ላይ ያለውን አስታወሰ።

«መርስዔ ኃዘን።»

ሽማግሌው መረቁት። እሱም አሜን አለ። ንፍሮውን ቆሞ በላ፤ አንዷንም ፍሬ አልጣለም። ከዚያ አውቶቡሱ ጥሩንባ ሲነፋ ሰምቶ ከሚሳፈሩት ጋር ተሰለፈ።