ከሰዓቱ ማሰሪያ ስር

ፎቶ አንሺው ሞቶ የተገኘው ብል በሚገደልበት ክፍል ውስጥ ነው። የብራና መጻሕፍት እዚያ ይደረደራሉ፤ መስኮት አልባው በር ይዘጋል፤ ከውጭ ማብሪያው ሲጫን አየሩ ወጥቶ ሽታ የሌለው ጋዝ ይሞላል።

መርማሪዋ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ከጎኑ ሁለት ውሃ የጠጡ መጻሕፍት ወድቀዋል፤ ግማታቸው ክፍሉን ሞልቶታል። ዝናቡ ወቅቱን እየሳተ በየዓመቱ ምድር ቤቱን ያጥለቀልቃል። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመውም መጻሕፍቱ ሳይበሰብሱ እያንዳንዱን ገጽ በኮምፒዩተር ለማስቀረት ነበር።

«ወንድሜን በገዛ እጄ ገደልኩት!» ማብሪያውን የተጫነችው ቴክኒሻን፣ የሟቹ የአክስት ልጅ፣ ትንሰቀሰቃለች። «ሳህኑ ግን ባዶ ነበር!»

«የምን ሳህን?»

«በሩ ጎን ያለው» አለ «ሙጫው» የሚሉት ሽማግሌ መጽሐፍ ጠጋኝ። «ሰዓትና ቀለበት ብራና ይቧጭራል፤ ሳናወልቅ አንገባም። ሳህኑ ውስጥ ሰዓት ካለ ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ። እሱ እንዲያውም ‹አባባ፣ ቀለበትዎን!› እያለ መግቢያ ያሳጣኝ ነበር።»

«ዛሬ ረስቶታላ» አለ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ። «ይኸው፣ ሰዓቱ እጁ ላይ ነው። እነሱ ሐኪም ሊጠሩ ሲሮጡ ብቻዬን ላነቃው ስታገል ነበር። ልጅቷ ቸኮለች፤ ምን ይደረግ?»

የሟቹ እጆች እስከ ክርናቸው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሰዋል። መርማሪዋ የሰዓቱን ማሰሪያ ፈታች፤ ከስሩ ያለውን ቆዳ አይታ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እዚህ ሻጋታ ይገባል?»

«ኧረ በጭራሽ! ጠርገን ነው የምናስገባው» አለ ሙጫው።

«ከምድር ቤትስ?»

«ቁልፉ አለቃ ጋ ነው። የዚያን ክፍል መጻሕፍት ከእኛ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ፎቶ አንስተው ጨርሰዋል ተብለናል። አለቃ የተሸለመበት ሥራ እኮ ነው!»

መርማሪዋ ወረደች። የምድር ቤቱ ቁልፍ ተሰብሯል። ውስጥ መጻሕፍቱ ቡናማ ውሃ ላይ እንደ ገንፎ ቀልጠዋል። አፏን ይዛ ወጣች።

ሁሉንም ኮምፒዩተሩ ፊት ሰበሰበቻቸውና የምድር ቤቱን መጻሕፍት ምስሎች ከፈተች። የመጻሕፍቱ ስም ይለያያል፤ ሁሉም ላይ ግን አንድ ዓይነት ቀዳዳ፣ አንድ ቦታ ላይ አለ።

«አንድ ብል ስንት መጽሐፍ ይበላል? ፎቶ የተነሳው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱው በተለያየ ስም ተደጋግሟል። ሟቹ ይህን አይቶ ቁልፉን ሰበረ፤ የተረፉትን ሁለቱን አውጥቶ ጋዝ ክፍሉ አደረሰ። ሻጋታው ከሰዓቱ ማሰሪያ ስርም አለ። ሰዓቱን አስሮ ቢሆን ኖሮ ያ ቦታ ንጹህ በሆነ ነበር። እንደ ልማዱ መጻሕፍቱን ከመንካቱ በፊት አውልቆ ሳህኑ ውስጥ አስቀምጦታል። አንድ ሰው አነሳው፤ ኋላም መልሶ እጁ ላይ አሰረለት። ከአስከሬኑ ጋር ብቻውን የቀረው ማን ነበር?»

ኃላፊው መሐረቡን ጣለ። «እኔ ማብሪያውን አልነካሁም!»

«አልነኩም። የእህቱን ጣት ተጠቀሙ።»

«ለግም ቆዳ ብላችሁ ስሜን ልታጠፉ…»

ሙጫው ምራቁን እንትፍ አለ።

ኃላፊው ከተወሰደ በኋላ ቴክኒሻኗ ዓይኗን ጠረገች። «እነዚያን ሁለቱን አሁኑኑ ፎቶ ላንሳቸው። እያደሩ ይፈርሳሉ።»

ቀለበቷን አውልቃ ሳህኑ ውስጥ ጣለች። ሽማግሌውም የእሱን አስከትሎ ወደ ክፍሉ ተከተላት። መርማሪዋ ሁለቱ ቀለበቶች አጠገብ ቆመች፤ እስኪወጡም ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።