ክፍሉ ዓይኑን ሲጨፍን

መምህርት ቹ ያኦሊን በአስተማሪዎች ክፍል ወለል ላይ፣ ተማሪዎቻቸው ሊለማመዱባቸው በነበሩ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶች መካከል ተደፍተው ተገኙ። የወረቀት መቁረጫው ረጅም ብረት ከመሠረቱ ተነቅሎ አጠገባቸው ወድቋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሯል። ደሙ ከግድግዳው አልፎ ጣሪያው ላይ ተፈናጥሯል።

መርማሪ ጂ ሩዩን በሩ ላይ ቆማ ለአፍታ መግባት አቃታት። ልጅ ሳለች እንግሊዝኛ ማንበብ ያስተማሯት እኚሁ ሴት ነበሩ። ምንባቡ ረዝሞባት ስትደናገጥ፣ «ተረጋጊ የኔ ልጅ፤ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቢ» ይሏት ነበር።

ከኮሪደሩ የመጣ የሰቆቃ ጩኸት አባነናት። ዘበኛውና ሁለት አስተማሪዎች ሥጋ ሻጩን ሌይ ዳቾንግን መሬት ላይ ጥለው ይረግጡታል። አፍንጫው ተሰብሯል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

«ልቀቁት!»

«ገዳይ እኮ ነው!» አለ ዘበኛው እያለከለከ። «ትናንት ቢላ ይዞ መጥቶ ‹እገድልሻለሁ› ሲላቸው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ደግሞ እሬሳው ላይ ተደፍቶ፣ እጁ ደም ተነክሮ ያዝነው።»

ምክትል ርዕሰ መምህር ጁዋንግ ላቡን እየጠረገ ጣልቃ ገባ። «መርማሪ ጂ፣ የመልቀቂያው ፈተና ደርሷል። ልጆቹ ሳይረበሹ ቶሎ ይውሰዱልን። ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥይት ነው የሚገባው።»

ሌይ ደም ተፋ። «እህቴ፣ ልጄን ይንሳኝ አልነካኋቸውም! ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ምኑ?»

«ልጄ ፔንግ ሰዋስውም ንባብም ይሠራል፤ የማዳመጡ ክፍል ላይ ግን ባዶ! የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ስለሆኑ ደሜ ፈላ፤ መጥቼ ሰደብኳቸው። እሳቸው ግን ማታውን ቤቴ ድረስ መጥተው ‹ልጅህ በግራ ጆሮው አይሰማም፣ ሐኪም ጋ ውሰደው› አሉኝ። በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። ጠዋት ልጁን በግራው በኩል ጠራሁት፤ እውነትም አልሰማኝም።»

ጂ እጁን ያዘችና አገላብጣ አየችው። ደም ያለው መዳፉና ጉልበቱ ላይ ነው። እስከ ክርኑ የተጠቀለለው እጅጌው ግን ንጹሕ ነበር። ካቴና አስገባችለት፤ ከሚረግጡት ሰዎች የሚያድነው ሌላ ነገር አልነበራትም።

ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት በዚያ ፎቅ ላይ የነበረ ሌላ አስተማሪ መምህር ጓን ዌይቢን ብቻ ነው። ጁዋንግ ከታች፣ ከድምፅ ማሰራጫው ባለሙያ ጋር ነበር።

«እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ» አለ ጓን። «የዓይን ማሸት ሰዓት ነበራ። ዓይናቸው በንባብ እንዳይደክም፣ ሙዚቃው ሲከፈት ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሻሉ። ሌላው አስተማሪ ያንን ጊዜ ያባክናል፤ እኔ ምንባብ አነብላቸዋለሁ።» ወገቡ ላይ የታጠቃትን ትንሽ ድምፅ ማጉያ መታ መታ አደረጋት። «ክፍሉ በሙሉ ሲሰማኝ ነበር፤ ይጠይቋቸው። ደግሞስ አሳማ አራጅ ሰው ቢያርድ ምን ይገርማል?»

ጂ አልሳቀችም። የነጭ ሸሚዙን እጅጌ እያየች ነበር፤ እስከ ክርኑ ጠመኔ ለብሷል።

ጓን ያስተምርበት የነበረው ክፍል ስትገባ ልጆቹ ተነሥተው ቆሙ። «መምህር ጓን ሲያነብ ሰምታችኋል?» አለቻቸው። «አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ፣ ዩዋን ቺ፣ አንገትጌዋ በደረቀ ደም ተበላሽቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ነስሮኝ ነው… ዓይን ስናሽ።»

«ለመምህሩ አልነገርሽም?»

«‹መምህር፣ ደም እየፈሰሰኝ ነው› አልኩ። ሁለቴ። ዝም ብሎ ማንበቡን ቀጠለ። ዋጥኩት።»

«ዓይንሽን ገልጠሽ አትወጪም ነበር?»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቅ አለ። «እትዬ፣ እሱ ክፍል ውስጥ ዓይን የገለጠ ሰው በመጽሐፍ ጀርባ ነው የሚጠፈጠፈው! ሲያስል የተያዘ እንኳ አይተርፍም። በመሀላችን እየዞረ ነው የሚጠብቀን።»

«ዛሬስ ዞረ?»

ልጆቹ ተያዩ። «ዛሬ… አልዞረም» አለች ዩዋን ቺ። «ድምፁ ከጠረጴዛው ጋ አልተነሣም።»

ጂ ከጥግ የተቀመጠውን ሌይ ፔንግን ይዛ ወጣች። በስተቀኙ ተንበርክካ «ግራ ጆሮህን ማን መታህ?» አለችው። ልጁ ከንፈሩ እስኪገረጣ ነከሰው።

«መምህር ጓን» አለ በመጨረሻ። «ለማንም ብትናገር አባትህን አስይዘዋለሁ አለኝ። መምህርት ቹ ብቻ ከኔ አውጣጥተው ሰሙ። ‹እኔ አናግረዋለሁ፤ አንተ አትፍራ› አሉኝ።»

ፖሊሶቹ ፎቁን ፈትሸው ሲጨርሱ፣ ጂ ሁሉንም ሬሳው በተነሣበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ገና አልታጠበም።

«የመታው ሰው ደጋግሞ ነው የመታው» አለች። «ብረቱን ባነሣ ቁጥር ደሙ ጣሪያ ደርሷል። እንዲህ የመታ ሰው እጅጌው ላይ ደም ሳይረጭበት አይቀርም። የሌይ እጅጌ ንጹሕ ነው፤ ደሙ መዳፉና ጉልበቱ ላይ ብቻ ነው። ተንበርክኮ ቁስሉን በእጁ የደፈነ ሰው ደም ነው።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለ ጁዋንግ።

«መምህር ጓን፣ ሸሚዝዎ ዛሬ ጠመኔ ለብሷል፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ በሸሚዝዎ ላይ የሚያጠልቁት ሰማያዊ የእጅጌ መሸፈኛ የት አለ?»

«ቤት… ቤት ረሳሁት።»

«ጠዋት ለብሰውት እንደነበር ልጆቹ አይተዋል። አሁን የሽንት ቤቱ ውኃ መያዣ ውስጥ ተጠቅጥቆ አገኘነው። ውኃው ቀልቷል።»

«አርባ ልጅ ሰምቶኛል!» ጓን ጮኸ።

«የሰሙት ድምፅዎን ነው፤ ያየዎት የለም። ሁልጊዜም የሚሰሙዎት በማጉያው ነው። ማጉያው ደግሞ የተቀዳ ነገር ያጫውታል። ምንባቡን አስቀድመው ቀዱ፤ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ዓይን እንዳይገልጡ በዱላ ስላስተማሯቸው፣ ማንም እንደማያይዎት እርግጠኛ ነበሩ። ግን አንዲት ልጅ ደም እየፈሰሳት ጠራችዎት። ለሳል የሚማታ ሰው አልተቆጣም፣ አልዞረም፣ አንዲት ቃል እንኳ አላቋረጠም።» እጇን ዘረጋች። «ማጉያውን ይስጡኝ። ምንባቡ ገና ውስጡ ነው፤ ለማጥፋት ጊዜ አላገኙም።»

ጓን ማጉያውን ፈትቶ ፊቷ ላይ ወረወረው። ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ሁለት ፖሊሶች ከግድግዳው ጋር አጣበቁት።

«ለአንድ ጥፊ!» አለ አፉ አረፋ ደፍቆ። «ለአንድ ጥፊ ብላ ሥራዬን ልታሳጣኝ! ‹ወይ ራስህ ተናገር ወይ እኔ እናገራለሁ› አለችኝ!»

ጂ ደሟን ሳትጠርግ የሌይን ካቴና ፈታች። ሁሉም ጓን ላይ የሚዘል መስሏቸው ወደኋላ አሉ። እሱ ግን ወለሉ ላይ የቀረው ደም አጠገብ ተንበረከከ።

«መምህርት፣ እኔ ነኝ የሰደብኩዎት» አለ። የራሱን ፊት በጥፊ መታ። ደግሞ በሌላው እጁ መታ። የተሰበረው አፍንጫው እንደገና ደማ። «በሩን የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ።» መታ። ጁዋንግ ፊቱን አዞረ።

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ፔንግ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ። የአባቱን እጅ አየር ላይ ያዘውና፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት።