ጆሮው ውስጥ የቀረው ስፖንጅ

«ልጅሽ ለምን አይመልስም?»

ብሎ ፖሊሱ እናትየዋን ጠየቃት። የአንጎል ምርመራ ክፍሉ ሐኪም ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኝቷል። ልጇ አጠገቡ ተቀምጧል፤ እጁ ደም ነክቶታል፤ ቢጠሩት ዞር አይልም። ሐኪሙ የአእምሮ ሕመም ያሰጋቸዋል የተባሉ ወጣቶችን አንጎል በየስድስት ወሩ በማሽን ፎቶ እያስነሳ ለውጡን ያጠና ነበር። ልጁም ከእነሱ አንዱ ስለሆነ ሁሉም ፈርዶበት ጨርሷል። እናትየዋ ወንበር ቢሰጧት «ከተቀመጥኩ አልነሳም» ብላ ቆማ ቀረች።

መርማሪዋ ጡረታ የደረሰች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። «ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ነው የሚመሰክረው» እያለች ወረደች።

ማሽኑን የሚያሠራው ቴክኒሻን የልጁን አንጎል ፎቶ አንስቶ በጓሮ በር እንደሸኘው፣ ልጁ ግን ተመልሶ መጥቶ ሐኪሙን ሳይገፋው እንዳልቀረ ነገራት። ጸሐፊዋ ከሐኪሙ ጋር ሆድና ጀርባ ነበረች፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፊደል ገና ለምትማረው እናትየዋ ቅጽ ስታስነብብ ነው የቆየችው። እናትየዋም «እኔን ጥሎ አይሄድም» ብላ ነበር፤ የእናት ቃል ማን ይሰማል?

መርማሪዋ እያቃሰተች ከልጁ ፊት ተንበረከከች። ከጆሮዎቹ ሁለት ቢጫ ስፖንጆች አወጣች።

«አሁንስ ትሰማኛለህ?»

«አዎ» አለ በቀስታ። «ማሽኑ ውስጥ ሆኜ ደወሉን ብጫን የሚመጣ ጠፋ። ራሴ ወጣሁ። ሐኪሙን ወድቆ አገኘሁት፤ ላነሳው ሞከርኩ።»

ዝም ያሰኘው ግማሹ ስፖንጅ፣ ግማሹ ድንጋጤ ነበር።

መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ማሽኑ ማግኔት ነው፤ ብረት ይዞ የሚገባ የለም» አለችው ቴክኒሻኑን። «የልጁ ቀበቶ፣ ቁልፍና ጫማ አሁንም ያንተ ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ሱሪውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲ ነው የሸኘኸው? ለጩኸቱ የሚደረገውን ስፖንጅስ አንተ አይደለህም የምታወጣው?»

ከዚያ ከሟቹ ኪስ ያገኘቻቸውን ሁለት ፎቶዎች ዘረጋች። «የልጁ አንጎል ነው። አንዱ የአምና፣ ሌላው ከስድስት ወር በኋላ የተነሳ ተብሎ የገባ። ሰው ሁለት ጊዜ ሲነሳ የጭንቅላቱ አቀማመጥ የፀጉር ያህል እንኳ አይለይም? ልጁ ተነቃንቆ የተበላሸውን ፎቶ ደግመህ እንደማንሳት የአምናውን ቀን ቀይረህ አስገባህ። ሐኪሙ ዛሬ ደረሰበት። ልጁን ማሽኑ ውስጥ ትተህ ተከተልከው።»

ቴክኒሻኑ ግድግዳውን ተደገፈ። «ስልሳ ሰው ብቻዬን ነው የማነሳው» አለ። «ደከመኝ። ፎቶዎቹን ልቀማው ብዬ ነው የገፋሁት።»

«ታዲያ የልጄ አንጎል ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?» አለች እናትየዋ።

«አላውቅም እናቴ» አለች መርማሪዋ። «ቢለወጥም ፍርድ አይደለም፤ ዛሬ ሊፈርዱበት የነበሩት ሰዎች እንጂ አንጎሉ አይደለም።»

ቴክኒሻኑ በፖሊሶች መሃል ሄደ። ልጁ ቀረ፤ ጫማውን እስኪያስር እናቱ አጠገቡ ተቀመጠች።